አሥራ አንድ የዘር ድንች

ያን ዓመት ዓለም ሁሉ ሥራ ፈትቶ ቤቱ ሲቀመጥ እኔ ቀና የምልበት ጊዜ አጣሁ። የምሠራው ኩዌት፣ ሩማይሲያ የሚባል ሰፈር፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ውስጥ ነበር። ከኮሮና በፊት ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ማዳምና ባሏ ሥራቸው ይሄዱልኝና ቤቱ እስከ ቀትር የእኔ ነበር። ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ግን ዘጠኙም ሰው ቤት ዋለ። ዘጠኝ ሰው ቤት ዋለ ማለት ዘጠኝ ሰው ሲበላ ዋለ ማለት ነው። ስጠርግ እውላለሁ፤ የበር እጀታ በበረኪና ስወለውል እውላለሁ፤ ከሰፈሩ ገበያ፣ ከጀምዒያ የመጣውን አስቤዛ አንድ በአንድ ሳጥብ እውላለሁ። ብርቱካን በሳሙና እንደሚታጠብ ያወቅኩት ያኔ ነው። ወላሂ፣ ዳቦውንም እጠቢ ቢሉኝ አይገርመኝም ነበር።

ከሁሉ የመረረኝ ድንች መላጥ ነው። ልጆቹ ጧትም ማታም ቺፕስ ነው የሚሉት። ጆንያው ያልቃል፣ ሌላ ጆንያ ይመጣል። ድንቹ ከየት አገር እንደሚመጣ እንጃ፤ ልሙጥ ነው፣ ሁሉም እኩል ነው፣ ዓይኑ እንኳ ጎድጎድ አይልም። እየላጥኩ "ይኼን ማን አዳቀለው? ምን ያህል ዓመት ፈጀበት?" እላለሁ። ሰው ድንች ሲልጥ እንዲህ ያስባል? እኔ አስባለሁ። ኩዌት ከመምጣቴ በፊት ሥራዬ ድንች ማዳቀል ነበር።

ይህን ስናገር የሚያምነኝ የለም። ሳባህ አል-ሳሌም ከሚባለው ሰፈር የምትሠራ አንዲት የአገሬ ልጅ አለች፤ ከአንድ ቀበሌ ነን የመጣነው። እሷ እንኳ "አንቺ የድንች አዋላጅ" ነው የምትለኝ። "ድንች እኮ አፈር ውስጥ ቀብረሽ የምትረሺው ነገር ነው፤ ደግሞ ምን ማዳቀል ያስፈልገዋል?" ብላ ትስቅብኛለች። አልፈርድባትም፤ አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሎ ደጋ ላይ፣ ከእናቴ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ ራቅ ብሎ፣ ድንች የሚመረምሩበት ጣቢያ ነበር። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣ ሲለኝ በቀን ሠራተኛነት ገባሁ። መጀመሪያ አረም አረምኩ፤ ቀጥሎ ውሃ ተሸከምኩ። አንድ ቀን የጣቢያው ባለሙያ፣ ዝምተኛ ረጅም ሰውዬ ነው፣ እጄን አየና "እጅሽ አይንቀጠቀጥም፤ ነይ ወደ አበባው" አለኝ።

ጧት ጤዛው ሳይረግፍ ገና ያልፈነዳውን የድንች አበባ በወረንጦ ከፍቼ ወንዴዎቹን አምስቱንም እነቅላለሁ። ከዚያ ከሌላ ድንች አበባ ያራገፍኩትን ብናኝ ሴቴዋ ጫፍ ላይ ቀባ አደርጋለሁ። ክር አስሬም እናቱንና አባቱን እጽፍበታለሁ። ከያዘላት ቲማቲም የምትመስል አረንጓዴ ፍሬ ታንጠለጥላለች። በዚያች ፍሬ ውስጥ መቶም ሁለት መቶም ዘር ይኖራል፤ ሁሉንም ብትዘሩት አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጣት የሚያክል፣ አንዱ ጨርሶ የማያፈራ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ድንች ላይ ነው።

የምንፈልገው የሰሜኑን ደጋ የሚችል ድንች ነበር። ከሌላ ቦታ የሚመጣው ምርጥ ዘር እዚያው በበቀለበት ጥሩ ነው። እኛ ጋ ሲወጣ ግን ወይ ክረምት ላይ ዋግ ይመታዋል፣ ወይ ሳይደርስ ጥቅምት ላይ ውርጭ ያቃጥለዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም የሚችለውን ስንፈልግ ኖርን። ከዚያ ሥራው ቆሟል ተባለ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ለቀን ሠራተኛ ማን ምክንያት ይነግራል? ባለሙያው ተዛወረ። ሲሄድ በወረቀት የተጠቀለለ ዘር አወጣና "ሊጣል ነው፤ ከፈለግሽ ዝሪው" ብሎ ሰጠኝ።

እናቴ ጓሮ ዘራሁት። ስልሳ ችግኝ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ እንጨት ተክዬ ቁጥር ጻፍኩለት። ሰፈርተኛው "ይቺ ልጅ ድንች ትቆጥር ጀመር፣ ምን ነክቷት ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። በመጀመሪያው ክረምት ዋጉ ግማሹን ወሰደው። በሁለተኛው ዓመት ዘጠኝ ቀሩ፣ በአራተኛው አንድ። ቁጥር አርባ ሁለት። ልጡ ቀይ ነው፤ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ቀለበት የሚዞር ሐምራዊ መስመር አለው። ውርጭ በጣለ ማግስት ጓሮ ብወጣ የሰፈሩ ድንች ሁሉ እሳት እንደነካው ጠቁሯል፤ አርባ ሁለት አረንጓዴ ሆና ቆማለች። እዚያው ቁጢጥ ብዬ አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኔ ነው የምለው ነገር አልነበረኝማ።

በዚያው ዓመት አባቴ ሞተ። ታናሽ እህቴ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ አንድ ሰው አገር ለቆ መሥራት ነበረበት፤ እኔ ወጣሁ። ስሸኝ ሌላ ነገር አላልኳትም፣ "አርባ ሁለትን አደራ" ብቻ። እህቴ አልከዳችኝም። በየዓመቱ ትተክላለች፣ እኔ ከዚህ በስልክ አዛለሁ። ግን ዕድላችን ቀና አላለም። አንዱን ዓመት በረዶ ጨረሰው፣ ሌላውን ፍልፈል ከሥሩ በላው። ከአንድ ቁና አልፎ አያውቅም። ደግነቱ አልጠፋም።

ኮሮና የገባ ዓመት ዕረፍት ወጥቼ ምርቱን በዓይኔ ላይ ነበር ሐሳቤ። ለማዳምም ተናግሬ ነበር። ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ፤ እኔም ዘጠኝ ሰው ከሚበላበት ማድ ቤት ጋር ተዘጋሁ። ስለዚህ ድንቼን ያየሁት በቪዲዮ ነው። እህቴ ስልኩን ይዛ ጓሮ ትገባለች፣ እኔ ዕቃ እያጠብኩ አያለሁ።

"ዝቅ አድርጊው! እግርሽን አይደለም ማየት የፈለግኩት፣ ቅጠሉን ነው።"

"እታለም፣ ቅጠል ነው እኮ፣ ምኑ ይታያል?"

"ከበታች በኩል ገልብጪው። ነጭ ነገር አለው? ዋግ የሚጀምረው ከዚያ ነው።"

"የለውም። ኧረ አንቺስ አሁንስ አበዛሽው! እኔን እንኳ ደህና ነሽ ወይ አላልሽኝም።"

እውነቷን ነበር። ሳልጠይቃት ነው ቅጠል ገልብጪ ያልኳት። ሰው ሲደክመው እንደዚያ ይሆናል፤ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ይሆናል።

ቁፋሮው ሲደርስ ደጋግሜ የነገርኳት አንድ ጉዳይ ነው። እኛ አገር ድንች ሲቆፈር ትልቁ ለገበያ፣ መካከለኛው ለድስት፣ ደቃቁ ለዘር ነው። እናቴም እናቷም እንደዚያ ነው የኖሩት። ደቃቁ ግን ብዙ ጊዜ የታመመው ተክል ልጅ ነው፤ እሱን እየዘራን ነው ዘራችን በየዓመቱ የሚቀጭጨው። ባለሙያው ይህን ሲነግረኝ አምኜ እስክቀበለው ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እህቴን "ከጤነኛው ሥር ብቻ ምረጪ፤ የዶሮ እንቁላል የሚያክለውን ለብቻው አስቀምጪ፤ ማንም እንዳይነካው" አልኳት። እንዳልኳት አደረገች። ያን ዓመት ዝናቡ በዝቶ ዋጉ ጠንክሮ ነበርና ጥሩው ብዙ አልሆነም፤ አሥራ አንድ ድንች ለይታ በቁና፣ ገለባ ውስጥ አስቀመጠች። ትምህርት ቤት ሲከፈት ወደ ከተማ ሄደች። ቁናው እናቴ ዘንድ ቀረ።

ያቺ "የድንች አዋላጅ" የምትለኝ የአገሬ ልጅ ለዕረፍት ሄዳ በረራ ሲዘጋ አገር ቤት ቀርታ ነበር። ወራት ቆይቶ የቤት ሠራተኞች መመለስ ሲጀምሩ መጣች፤ እንደ ደንቡ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ተቀመጠች። ስትወጣ ደወለችልኝ። "እናትሽ አደራ ብላ የሰጠችኝ ዕቃ አለ፤ ከብዶኝ ሞቼልሻለሁ" አለች። በርበሬ ነው ብዬ ነው የጠበቅኩት፣ ቢበዛ በሶ። የቤቱ ሾፌር መኪና ለማሠራት ሹዌኽ ሄዶ ሲመለስ በሳባህ አል-ሳሌም በኩል ዞሮ ዕቃውን አመጣልኝ።

በርበሬው አለ፤ በሶውም አለ። ከሥር የእናቴ ሻሽ ተቋጥሯል። ስፈታው አሥራ አንድ ቀይ ድንች። ሁለት ሳምንት ሻንጣ ውስጥ ሲሞቃቸው ከርመው ዓይናቸው ጎንቁሏል። ማድ ቤቱ ወለል ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ስልኬን አንስቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ምን አድርገሽ ነው?"

"ደረሰልሽ? ተመስገን! እንዳይበሰብስ ስንት ዱዓ አድርጌበታለሁ።"

"ለዘር የተቀመጠ ነበር እኮ! አልነገረችሽም?"

"ነግራኛለች። ታዲያ አንቺ ልጄ፣ በሽታ አገር ተቀምጠሽ፣ ስንት ዓመት የደከምሽበትን ጥሩ ጥሩውን አፈር ይብላው? ለዘርማ ደቃቁ ሞልቷል። ከአሮጌው ድንች ጋር አንድ ላይ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ፤ አብሽሪ።"

ከአሮጌው ጋር አንድ ላይ! አሮጌው ድንችም ልጡ ቀይ ነው፤ ደቃቁ ሲቀላቀል እኔም ራሴ ብሆን አልለየውም። ቆርጬ ውስጡን ካላየሁ በቀር፤ ለዚያ ደግሞ እኔ እዚያ የለሁም፣ የቀረውም ዋግ የመታው ተክል ልጅ ነው፣ ለዘር አይሆንም። እኔ ድሮም ቁጡ ነኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩ ውስጥ ገብቼ እጮህ ነበር። ያን ቀን ግን ከንጋት ጀምሮ ቆሜ ነው የዋልኩት፤ የምቆጣበት ጉልበት አጣሁ። የእኛ እናቶች ደግሞ እንዲህ ናቸው፤ ያላቸውን ምርጥ ነገር ሰው አገር ላለው ልጅ ካልላኩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። "አላህ ይስጥልኝ እማዬ" ብዬ ዘጋሁት።

እንግዲህ አርባ ሁለት ማለት እነዚያ አሥራ አንድ ድንቾች ብቻ ሆኑ። ሌላ የትም የለችም። መልሼ እንዳልልክ ወደ አገር የሚሄድ ሰው ጠፋ፤ የሄደ መቼ እንደሚመለስ አያውቅምና ማንም አይነቃነቅም። ብዙ አሰብኩ። የኩዌት ክረምት ለድንች አይከፋም፤ ሁለት ሦስት ወር ደህና ብርድ አለው። ጣሪያው ላይ፣ እኔ ከምተኛባት ክፍል ጎን፣ ባዶ የቀለም ባልዲዎች ተደርድረዋል። የቤቱ አትክልተኛ አፈር ያመጣልኛል። ሙቀቱ ሳይመጣ ባወጣቸው አሥራ አንዱ ሃምሳም ስልሳም ይሆናሉ፤ መንገድ ሲከፈት ይዣቸው እሄዳለሁ። ለእህቴም ደውዬ እንዲሁ አልኳት። ከእጅ አይሻል ዶማ ነበር፤ ግን ሌላ ዶማ አልነበረኝም።

ድንቾቹን ዓይናቸውን ወደ ላይ አድርጌ በእንቁላል ካርቶን ደረደርኳቸው፤ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል መስኮት ላይ፣ ብርሃን በሚያገኙበት አኖርኳቸው። ማዳም ልብስ ልትጠይቅ ገብታ አየቻቸው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ከእናቴ የመጣ ድንች ነው።"

ቀጥዬ ልነግራት ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር እኮ! ግን ስለ አበባው፣ ስለ ወረንጦው፣ ስለ ውርጩ፣ ይኼን ሁሉ በየትኛው አረብኛዬ ልንገራት? ጣሪያዬ ላይ አፈር አታውጪ ብትለኝስ? ደግሞ ክምር የሚተኮስ ልብስ ከፊቴ አለ። ማስረዳት ደከመኝ። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። እሷም "ማሻአላህ" ብላ ወጣች።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። አፍንጫዬ ተመረመረ፣ ያ በሽታ ነው ተባለ። ጣሪያው ላይ ካለችው ክፍሌ እንዳልወጣ ተነገረኝ። ምግብ ደረጃው ላይ እየተቀመጠልኝ እኔ ከሩቅ ጠብቄ እወስድ ነበር፤ ቱና በዳቦ፣ አንዳንዴ እርጎ። እናገራለሁ ብል ሳል ይዞኝ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን የአፌ ጣዕም ጠፋ። ከእናቴ በርበሬ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ ባደርግ ማቃጠሉ ብቻ ነው የተሰማኝ፤ ጣዕሙ የለም፣ ሽታው የለም። ያ ሁሉ ሲሆን ሐሳቤ ድንቾቹ ጋ ነበር። ሲሻለኝ ወዲያው እተክላቸዋለሁ፣ ገና ጊዜ አለ፣ እያልኩ እተኛለሁ።

በሰባተኛው ቀን በሬ ተንኳኳ። ማዳም ራሷ ናት፤ ሁለት ማስክ ደርባ፣ ጓንት አድርጋ፣ ትሪ ይዛ። ቱቦ የሚያክል ቴርሞስና ጎድጓዳ ሳህን። ትሪውን ደፉ ላይ አስቀምጣ ደረጃው ድረስ ሸሸችና "ሾርባ ነው፤ እኔ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ብዪ፣ ትንሽ ጠንከር በይ" አለችኝ። አራት ዓመት ስኖር ማዳም እንቁላል ስትቀቅል አይቻት አላውቅም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለካ ሰው ናት አልኩ። ተቀምጬ ፊት ለፊቷ መብላት ጀመርኩ። ግማሽ ሳህን ያህል ከበላሁ በኋላ ማንኪያዬ ላይ አንድ ቁራጭ ወጣ። ነጭ፣ ዙሪያውን በሐምራዊ ቀለበት የተከበበ።

ማንኪያውን ወደ ብርሃን አዞርኩት።

"ማዳም፣ ይኼ ድንች..."

"አዎ፣ የእናትሽ ነው! ማቆጥቆጥ ጀምሮ ነበር፣ ሊበላሽብሽ። የእናት ምግብ ያድናል ብዬ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ቴርሞሱ ውስጥ አለልሽ፣ ማድ ቤትም አለ፤ ለሦስት ቀን ይበቃሻል።"

"ልጣጩስ?" አልኳት። ድንች ከልጣጩም ይበቅላል፣ ዓይኑ ካለ። "ልጣጩ የት አለ ማዳም?"

ግራ ገብቷት አየችኝ። ትኩሳቱ መስሏታል። "ቆሻሻ ጋ ነዋ፤ መኪናው ጧት ወሰደው" አለች። "ምነው? አልጣፈጠሽም?"

በማን ልቆጣ? በእናቴ? በእሷ? ሁለቱም ያላቸውን ነው የሰጡኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሁለት ቃል ማውጣት ደክሞኝ ነው፤ "ይኼ ዘር ነው" ማለት ደክሞኝ። አምስቱን ወንዴ በወረንጦ ስነቅል ያልደከመኝ ሰው፣ ለአንድ አረፍተ ነገር ደከመኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

"ጥሩ ነው ማዳም፣ እጅሽ ይባረክ" አልኳት። ደስ ብሏት ወረደች።

ሾርባውን ሦስት ቀን በላሁት። መጣል ከበደኝ፤ ደግሞም ማን ይብላው? አርባ ሁለትን እኮ ቀምሻት አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት አንዷንም ድስት ውስጥ አልከተትኳትም፤ ሁሌ ለተከታዩ ዓመት ነበረች። አሁን እየበላኋት ነው፤ አፌ ውስጥ ያለው ግን ሙቅ ውሃ ነው። አላምጬ አላምጬ ለማወቅ ሞከርኩ። ዱቄታም ናት ወይስ ውሃማ? ትጣፍጣለች ወይስ ትመራለች? ምንም። እያለቀስኩ በላሁ፣ አበቃ።

በአሥረኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። አገር ቤት ደወልኩ። እህቴ ለበዓል ቤት መጥታ ነበር፣ እሷ አነሳች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ "እታለም፣ ተከልሻቸው?" ብላ ነው።

"በላኋቸው" አልኳት።

"ሁሉንም?" አለች። "ሁሉንም" አልኳት። አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማኝ። ቀጥሎ ስልኩን እናቴ ነጠቀቻት።

"በላሽው? እልል! እንዴት ነው ታዲያ፣ ጣፈጠሽ?"

"በጣም ይጣፍጣል እማዬ።"

"አላልኩም! አላልኩም እኔ! ይቺ ደግሞ ዘር ዘር እያለች ታስቸግረኛለች። አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ያ ያስቀመጥኩት ደቃቁ አለ፣ እሱን እተክለዋለሁ። ለከርሞ ካደረሰኝ ጥሩ ጥሩውን መርጬ እልክልሻለሁ።"

"እሺ እማዬ" አልኳት። "ላኪልኝ።"